ይሉኝታ በጠርሙስ

ባለፈው ጥቅምት፣ ከምኖርበት ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ባለቤቶቹ አርጅተው ያለፉበት ቤት ዕቃው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ እንዲህ ያለው ሽያጭ የቅዳሜ ጠዋት መዝናኛ ነው፤ ሰው የሟች ሳህንና ማንኪያ እያገላበጠ ዋጋ ይከራከራል። እኔም ድስት ልገዛ ሄጄ በ10 ዶላር አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ መጽሔት ይዤ ተመለስሁ። አብዛኞቹ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የታተሙ የ«ላይፍ» መጽሔት ቅጂዎች ሲሆኑ፣ ከሥር ደግሞ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ከዚያ ቀደም ያሉ ጥቂት የሴቶች መጽሔቶች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳገላብጣቸው የጦርነቱን ፎቶግራፍና የፖለቲከኞቹን ንግግር እያለፍሁ ዓይኔ የሚያርፈው ማስታወቂያዎቹ ላይ ሆነ። ዜናው ካረጀ ቆይቷል፤ ማስታወቂያው ግን ዛሬም ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያናግራል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም። እኔ ከሥራ እስክመለስ ድረስ መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ መጽሔቶቹን ስታገላብጥ ትውልና፣ ማታ ጥያቄዎቿን ትደረድርልኛለች። ይህ በመጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ ኋላ ግን የእርሷ አነባበብ ከእኔ እንደሚሻል ገባኝ። እኔ ጽሑፉን እያነበብሁ ሥዕሉን እርሱ እንዳለው አድርጌ አየዋለሁ፤ እርሷ ግን ሥዕሉን ብቻ ስለምታይ፣ ሥዕሉ የማይለውንና ጽሑፉ ብቻ የሚጨምረውን ነገር ሳታውቀው ነጥላ ታወጣልኛለች።

የመጀመሪያው ጥያቄዋ ስለ አንዲት ወጣት ነበር። ልጅቱ ቆንጆ ናት፤ ፊቷ ግን በሐዘን ጠቁሯል።

«ይቺ ልጅ ሰው ሞቶባት ነው?»

«የለም እማዬ፣ ባል አጥታ ነው።»

«ይህን የመሰለች ልጅ?»

«አፏ ይሸታል ነው የሚሉት።»

እናቴ መጽሔቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ እንደገና አየችው። «ከምኑ አወቁት?» አለች።

የማስታወቂያው ባለቤት ሊስተሪን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሽ ነው። ሊስተሪንን በ1879 በሴንት ሉዊስ ከተማ የቀመመው ዶክተር ጆሴፍ ሎረንስ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ቀዶ ሕክምና ከጀርም የጸዳ እንዲሆን ከደከመው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆሴፍ ሊስተር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቀዶ ሕክምናና ለቁስል ማጠቢያ ነበር፤ ቆየት ብሎ ለጥርስ ሐኪሞች ቀረበ፤ በ1914 ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማንም ሰው ይሸጥ ጀመር። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የአንድ ተራ መድኃኒት ታሪክ ነው። በ1920ዎቹ ግን የኩባንያው ወራሽ ጄራርድ ላምበርትና የማስታወቂያ ጸሐፊዎቹ ከሐኪም በቀር ማንም የማያውቀውን «ሃሊቶሲስ» የሚል ቃል ፈልገው አገኙ። ትርጉሙ የአፍ ሽታ ማለት ብቻ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያው የድሮው ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ቃሉ በመገኘቱ ብቻ ገበያው ከቀድሞው ጋር በማይወዳደር መጠን አደገ።

በ1925 የወጣው ዝነኛው ማስታወቂያ ኤድና ስለምትባል አንዲት ሴት ይተርካል። ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ብዙ ጊዜ ሚዜ፣ መቼም ሙሽራ ያልሆነች» እንደ ማለት ነው። ኤድና እንደ ማንኛዋም ሴት ትልቁ ምኞቷ ማግባት ነው ይላል ጽሑፉ፤ እኩዮቿ ሁሉ አግብተዋል ወይም ሊያገቡ ነው፤ እርሷ ግን የልደት ቀኗ በየዓመቱ እየተንፏቀቀ ወደዚያ ወደ አሳዛኙ 30 ዓመት ሲጠጋ፣ ትዳር ከመቼውም የበለጠ ራቃት። ከዚያም የማስታወቂያው መርዝ ይመጣል፦ ይህ ችግር ያለበት ሰው ራሱ አያውቀውም፣ የልብ ጓደኞቹ እንኳ አይነግሩትም።

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ጥያቄ የሚገባው። ከምኑ አወቁት? ያወቁት ነገር የለም፤ ሊታወቅ በማይችል መንገድ ነው የተጻፈው። ጓደኛሽ አፍሽ ይሸታል ካለችሽ ይሸታል ማለት ነው፤ ካላለችሽም አፍራ ነው እንጂ ይሸታል ማለት ሊሆን ይችላል። ዝምታውም ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። እንዲህ ከሁለቱም በኩል በሩን የሚዘጋ ክስ ሲቀርብበት ሰው ያለው መውጫ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል።

ቃሉ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። እኛ ዘንድ «አፉ ይሸታል» ስድብ ነው፤ ስድብ መድኃኒት የለውም፣ የተሰደበው ሰው ወይ ይጣላል ወይ ከሰው ይርቃል። «ሃሊቶሲስ» ግን በሽታ ይመስላል። በሽታ ከሆነ ታማሚው ጥፋተኛ አይደለም፣ ሕክምናም አለው፣ ስለ እርሱ ማውራትም ነውር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ አንዲት ሴት ነውሩን እስከ አንገቷ እየፈራች፣ ስሙን ግን ፊቷን ቀና አድርጋ ለሻጩ መጥራት ትችላለች። አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ «ማድያት ለዘለቄታው የሚያጠፋ» ቅባት የሚሸጡልንን ሰዎች ሳይ፣ መጀመሪያ ፊታችንን አጉልተው ያሳዩንና ቀጥሎ የበሽታ ስም ይሰጡናል፤ ቅባቱ የሚመጣው በሦስተኛ ተራ ነው። ተራው ከኤድና ዘመን ወዲህ አልተዛነፈም።

በስደተኛው መካከል «አሜሪካ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም» የሚል አባባል አለ። እኔም ስመጣ ሰምቼው ደጋግሜ ብየዋለሁ። ልጅ አባቱን በስሙ ይጠራል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፣ ሰው የፈለገውን ለብሶ ይወጣል፣ ስለዚህ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚጨነቅ የለም እንላለን። ካርቶኑን ካገላበጥሁ በኋላ ግን ይህን አባባል ለመድገም ከበደኝ። እነዚህ ገጾች ከዳር እስከ ዳር በይሉኝታ የተሞሉ ናቸው። ጎረቤት መጋረጃሽን አይቶ ምን ይላል፣ አለቃህ ኮሌታህን አይቶ ምን ይላል፣ አማትሽ ኬክሽን ቀምሳ ምን ትላለች። ይሉኝታቸው በእናት ምክርና በሽማግሌ ተግሣጽ ሳይሆን በሙሉ ገጽ ሥዕል መምጣቱ፣ በመጨረሻውም ላይ ዋጋው መጻፉ ነው ልዩነቱ።

ለምን በዚያ ዘመን? የ1920 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከገጠር ነዋሪው ይልቅ የከተማው ነዋሪ እንደበለጠ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየ ቆጠራ ነው። በመንደሩ ሳለ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ብድር እንደሚመልስ የሚታወቅለት ሰው፣ ከተማ ሲገባ ማንም የማያውቀው መንገደኛ ሆነ። ቢሮ ውስጥ፣ ባቡር ላይ፣ ዳንስ ቤት የሚገናኛቸው ሰዎች የሚፈርዱበት በአንድ አፍታ እይታ፣ በጫማው፣ በጥርሱ፣ በጠረኑ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ በሌለበት አገር ሸሚዝ የዘር ቆጠራን ቦታ ይይዛል። የማስታወቂያ ጸሐፊዎቹ ይህን ጭንቀት አልፈጠሩትም፤ ጭንቀቱ ቀድሞ ነበር። እነርሱ ያደረጉት ጭንቀቱ የት የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚቀመጥ መንገር ነው።

ለዚህም ብብት ሳይቀር ተራው ደርሶት ነበር። «ኦዶሮኖ» የሚባል የላብ መከላከያ፣ አንዲት የሲንሲናቲ ወጣት፣ ሐኪም አባቷ በቀዶ ሕክምና ሰዓት እጁ እንዳያልበው ከቀመመው ፈሳሽ ተነሥታ ገበያ ያወጣችው ዕቃ ነው። በ1919 የማስታወቂያ ጸሐፊው ጄምስ ዌብ ያንግ በታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ «በሴት ክንድ እቅፍ ውስጥ» እንደ ማለት የሆነ ርእስ የሰጠው ማስታወቂያ አወጣ። የሚዳንሱ ጥንዶች ይታያሉ፤ ጽሑፉ ግን ሴትየዋ ራሷ ሳታውቀው ብብቷ ሊያሳፍራት እንደሚችል በጨዋ ቋንቋ ያስረዳል። ወደ 200 የሚሆኑ አንባቢዎች ተሰድበናል ብለው መጽሔቱን መቀበል አቋረጡ፤ የዕቃው ሽያጭ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የተቆጣውም የገዛውም ተመሳሳይ ሰው ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። እናቴ ሥዕሉን ያየችው «ሠርግ ላይ ናቸው» ብላ ነው፤ ስለ ብብት ምንም አልታያትም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አሮጌ ማስታወቂያ የኅብረተሰቡ መስታወት ነው የሚለውን የተለመደ አነጋገር እንዳልደግመው ፈራሁ። መስታወት ያለውን ሁሉ ያሳያል። እነዚህን ገጾች የጻፉት ግን በአብዛኛው በኒው ዮርክና በቺካጎ ቢሮዎች የተቀመጡ፣ የተማሩ፣ ጥሩ ደመወዝ የሚበሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ገጾቹ ሴቷን ሳይሆን እነርሱ ስለ ሴት ያላቸውን ግምት ያሳያሉ። ግምቱ ሲሰራ ይደገማል፣ ሲደጋገም ደግሞ ሴቷ ራሷ ልብስ መስሏት ትለብሰዋለች።

ሲጋራ ደግሞ ነገሩን ከግራ ወደ ቀኝ የገለበጠ ጉዳይ ነው። ሊስተሪን ይሉኝታን ሲሸጥ፣ የሲጋራ ኩባንያዎች የተቸገሩት ይሉኝታው ገበያቸውን በግማሽ ስለዘጋባቸው ነበር። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አደባባይ ላይ የምታጨስ ሴት እንደ ባለጌ ትታይ ነበር። የላኪ ስትራይክ ሲጋራ ባለቤት የሆነው የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል፣ የሲግመንድ ፍሮይድ የእህት ልጅ የሆነውን ኤድዋርድ በርኔይስን ቀጠረ። በርኔይስ አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም አማከረ፤ ሐኪሙም ሲጋራ ለሴቶች «የነጻነት ችቦ» ሊሆን ይችላል አለው። በ1929 የፋሲካ ዕለት በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የበዓል ሰልፍ መካከል፣ አስቀድመው የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ሲጋራቸውን አውጥተው ለኮሱ። ጋዜጦች ዜናውን እንደ ዜና ዘገቡት። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት ካረጋገጡ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ያንን ሁሉ ተጋድሎ አንድ ሻጭ በአንድ ጠዋት ወስዶ ፓኬት ላይ ለጠፈው።

በርኔይስን ለማድነቅም ለመርገምም የሚያበቃ ሌላ ታሪክ አለ። በ1934 ሴቶች ላኪ ስትራይክን የማይገዙት አረንጓዴው ፓኬት ከልብሳቸው ጋር ስለማይሄድ እንደሆነ ተደረሰበት። ሂል በዚያ ቀለም ላይ ብዙ ሚሊዮን አፍስሻለሁና አልቀይርም አለ። እንግዲህ ፓኬቱ የማይቀየር ከሆነ የሴቶቹ ልብስ ይቀየር ተባለና፣ በርኔይስ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የበጎ አድራጎት «አረንጓዴ ግብዣ» እንዲዘጋጅ አደረገ፤ ከጨርቅ ነጋዴዎችና ከፋሽን ሰዎች ጋር እየተነጋገረ አረንጓዴ የዘመኑ ቀለም እንዲሆን ሠራ። እዚህ ውስጥ ማስታወቂያ የሚመስል ማስታወቂያ የለም። ሴቷ አረንጓዴ ቀሚስ ስትገዛ ሲጋራ የሚሉት ነገር በሐሳቧ አልነበረም።

ከካርቶኑ ውስጥ እናቴን ከሁሉ ያስገረማት ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ፊቱ ደግ የሆነ፣ በጣቶቹ መካከል ሲጋራ የያዘ ሽማግሌ ነው። «ሐኪም ነው?» አለች። ነው አልኳት። «ታዲያ ምን እያደረገ ነው?» በ1946 የተጀመረው የካሜል ሲጋራ ዘመቻ ከሌሎች ሲጋራዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሐኪሞች ካሜል ያጨሳሉ ይል ነበር፤ ለማስረጃም 113,597 ሐኪሞች ተጠይቀዋል ብሎ ቁጥሩን ያቀርባል። ቁጥሩን ልብ ይሏል፦ አንድ መቶ ሺህ ቢባል ማጋነን ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ያሉት 597 ናቸው አንባቢውን የሚያሳምኑት። ጥያቄውን ሲጠይቁ የነበሩት የማስታወቂያ ድርጅቱ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም በሕክምና ጉባኤዎችና በሐኪሞቹ ቢሮ ነበር፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች የተጠየቁትም ካሜል በነጻ ከታደላቸው በኋላ እንደሆነ የታሪክ ጥናቶች ያሳያሉ። ላኪ ስትራይክ ቀደም ብሎ በ1930 የ20,679 ሐኪሞችን ምስክርነት ጠቅሶ ጉሮሮን እንደ ሌሎቹ አያስቆጣም ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ግን ማስታወቂያው ሳያስበው ይነግረናል። ሐኪም መጥራት ያስፈለገው ሰው መጠራጠር ስለጀመረ ነው። ማንም ስለ ጉሮሮው ባይጨነቅ ኖሮ ስለ ጉሮሮ የሚናገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ምን ይሠራል? አሮጌ ማስታወቂያ ሳነብ አሁን የተማርሁት ዘዴ ይህ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚያረጋግጠው ነገር ሕዝቡ በሹክሹክታ የሚፈራውን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠውን ዘገባ ያወጡት በ1964 ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሲጋራ ማስታወቂያ የቆመው ደግሞ በጥር 1971። በእነዚያ ገጾች ላይ ግን ፍርሃቱ ከዘገባው ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ተጽፎ ይነበባል።

ስለ ማርልቦሮም በአጭሩ ልበል። ያ ኮፍያ ያደረገ፣ በፈረስ የሚጋልብ ከብት ጠባቂ የሚያስታውቀው ሲጋራ በ1920ዎቹ ገበያ ሲገባ የሴቶች ሲጋራ ነበር፤ ጫፉም የከንፈር ቀለም እንዳይታይበት ቀይ የተደረገበት ጊዜ ነበር። ወንድ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ የሊዮ በርኔት የማስታወቂያ ድርጅት ፈረሰኛውን ካመጣለት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፊልተር ያለው ሲጋራ የፈሪ ሲጋራ ይባል ስለነበር፣ ጤናው ያሳሰበው ወንድ ፈሪ ሳይባል ፊልተር እንዲያጨስ መሸፈኛ አስፈልጎት ነበር። ይህም እንግዲህ ይሉኝታ ነው፤ የወንድ ይሉኝታ።

የ1950ዎቹ ቅጂዎች ላይ ስንደርስ እናቴ ዝም አለች። አንዱ ገጽ የቫን ሂውዘን የክራቫት ማስታወቂያ ነው፤ የ1951። ሰውየው ሸሚዙንና ክራቫቱን አድርጎ አልጋው ላይ እጆቹን ከራሱ ኋላ አድርጎ ተጋድሟል፤ ሚስቱ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክካ የቁርስ ትሪ ይዛለታለች። ጽሑፉ ዓለሙ የወንድ እንደሆነ አሳያት ይላል። «ይቺ ሴት ምን አጥፍታ ነው የተንበረከከችው?» አለችኝ። ምንም እንዳላጠፋች፣ ቁርስ እያቀረበችለት እንደሆነ ነገርኋት። «እኔ ለአባትሽ አርባ ዓመት ቁርስ አቅርቤአለሁ፤ እንዲህ ሆኜ ግን አላውቅም» አለች። ሁለተኛው ገጽ የባሰ ነው። የቼዝ ኤንድ ሳንቦርን ቡና በ1952 ያወጣው ማስታወቂያ ሲሆን፣ ባል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ጭኑ ላይ በሆዷ አስተኝቶ ሊመታት እጁን አንሥቷል። ጥፋቷ ሱቅ ሄዳ ቡናው አዲስ መሆኑን የቆርቆሮውን ክዳን ተጭና ሳታረጋግጥ መግዛቷ ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ትንሽ ብወጣ ይፈቀድልኝ። በቡና ለተጣላ ሰው ከእኛ የተሻለ ዳኛ የለም። ቡና አዲስ መሆኑን እኛ የምናውቀው እፊታችን ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ በየተራ አፍንጫችን ሥር ሲዞር ነው እንጂ ቆርቆሮ በመጫን አይደለም። እናቴ የቡናውን ጉዳይ ስተረጉምላት ከድብደባው ይልቅ የተደነቀችው የተፈጨ ቡና በቆርቆሮ አሽገው ለወራት ካስቀመጡ በኋላ ስለ ትኩስነቱ በመከራከራቸው ነበር። «ሰውየውን ነው መምታት» አለች።

ቀልዱን ትተን፣ እነዚህን ሥዕሎች ጊዜያቸው ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች የአሜሪካ ሴቶች ፋብሪካ ገብተው አውሮፕላንና መርከብ ሠርተዋል፤ ከካርቶኑ ውስጥ የ1943ና የ1944 ቅጂዎች ማስታወቂያ ላይ ያሉት ሴቶች ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው መሣሪያ ይዘው ነው የሚታዩት። ወንዶቹ ከጦርነት ሲመለሱ ብዙዎቹ ሴቶች ከፋብሪካው ተሸኙ። እንግዲህ ደመወዝ በልታ የምታውቅ ሴት ፊት ነው ያ የትሪ ሥዕል የቀረበው። ዓለሙ በእርግጥ የወንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክራቫት ገዝቶ «አሳያት» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም ነበር። እንደ ሲጋራው ሐኪም ሁሉ፣ እዚህም ድምፁ ከፍ ያለው ፍርሃት ስላለ ነው።

ሌላው ጥያቄዋ ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም ከባዱ ነበር። ከ20 በላይ መጽሔት አገላብጣ ስትጨርስ «እኛን የመሰለ ሰው አንድም የለም?» አለች። አለ፤ ፈልጌ አሳየኋት። ራሷን በሻሽ የጠቀለለች፣ ሰፊ ፈገግታ ያላት ወፍራም ጥቁር ሴት የፓንኬክ ዱቄት ታቀርባለች። አክስት ጀማይማ የምትባለው ይህች ምስል ከ1889 ጀምሮ ገበያ ላይ ነበረች፤ በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ይህችን ሆና እንድትተውን የተቀጠረችው ናንሲ ግሪን በኬንታኪ በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች። ኩባንያው ስሙንና ምስሉን አነሣለሁ ያለው በ2020 ነው። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። ሥዕሉ ለነጯ እመቤት የሚሸጥላት ዱቄት ብቻ አልነበረም፤ የቤት ሠራተኛ መቅጠር ለማትችለው ሴት ሠራተኛዋ በካርቶን ታሽጋ ትመጣላት ነበር።

ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ምን ያነቡ እንደነበር ለማየት «ኤቦኒ»ን ከቤተ መጻሕፍት ፈልጌ አየሁ። መጽሔቱን ጆን ጆንሰን በ1945 በቺካጎ ሲጀምረው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ሊሰጡት ፈቃደኛ አልነበሩም። ጆንሰን የዜኒት ሬዲዮ ኩባንያ ኃላፊ ዩጂን ማክዶናልድ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ የተጓዘ አሳሽ መሆኑን አጣራና፣ ከሮበርት ፒሪ ጋር የተጓዘውን ጥቁር አሳሽ ማቲው ሄንሰንን አነጋግሮ የፈረመበትን መጽሐፍ ይዞ ማክዶናልድ ቢሮ ገባ። ሲወጣ የዜኒትን ማስታወቂያ ይዞ ነው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ሻጩን በሻጭ ዘዴ ያሸነፈ ሰው ታሪክ ነውና። ነገር ግን በዚያው ኩሩ መጽሔት ገጾች ላይ ናዲኖላን የመሰሉ የቆዳ ማንጫ ቅባቶች ማስታወቂያም ይገኛል፤ ቆዳሽ ሲፈካ ወንዶች ይከቡሻል የሚል። ኤድና መልኳ ተቀይሮ እዚህም ደረሰች ማለት ነው፤ ብቻ አሁን ጥፋቷ ትንፋሿ ሳይሆን የተወለደችበት ቀለም ሆነ።

ለውሸት የሚጠየቅ ይኖራል ወይ ለሚለው፣ ሊስተሪን ራሱ አንድ መልስ አለው። ኩባንያው ለአሥርት ዓመታት ፈሳሹ ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም ይከላከላል ሲል ቆይቶ፣ በ1975 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህ ሐሰት ነው ብሎ ወሰነ። ቅጣቱም ያልተለመደ ነበር፤ ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ማስታወቂያው ውስጥ ሊስተሪን ጉንፋንንም የጉሮሮ ሕመምንም እንደማይከላከል ራሱ እንዲናገር ታዘዘ። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በ1977 በአብዛኛው ተረታ። ስለ ጉንፋኑ እንዲህ ተፈረደ። ስለ ኤድና ግን የተከሰሰ የለም፤ ጉንፋን ይመረመራል፣ ባል ያጣች ሴት ለምን እንዳጣች ግን ላቦራቶሪ አይመልስም።

እናቴ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ከመጽሔቶቹ ቀና ብላ የመተላለፊያውን ግድግዳ አየች። እዚያ ላይ ዘጠኝ ዓመት የተሰቀለ የቱሪዝም ፖስተር አለኝ፤ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ የምትስቅ ወጣት፣ ከሥሯ «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍና 13 ቁጥር። በየሐበሻ ምግብ ቤቱ የማይጠፋው ዓይነት ነው። መፈክሩን ያወጡት የአገራችን ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ የቱሪዝም ድርጅቱን ሲመሩ ሲሆን፣ በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል አገልግሏል። እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። «የ13 ወር ፀሐይ» ብዬ ቃል በቃል ነገርኋት።

እርሷ የምታውቀው አማርኛውን ነው፤ «የ13 ወር ጸጋ»። እኔም ሁለቱንም ሳውቃቸው ኖሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየኋቸውም ነበር። ለፈረንጁ ፀሐይ፣ ለእኛ ጸጋ። ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥሮ ከሌላው ዓለም አንድ ወር መብለጥ ብልሃት ነው፤ ለብርድ አገር ሰው ደግሞ ፀሐይ ከማለት የበለጠ የሚያጓጓ ነገር የለም። አገሬው ግን ክረምቱን ስለሚያውቀው ለእርሱ ፀሐይ ማለት አያስኬድም፤ ዝናቡም ፀሐዩም የሚገቡበት ቃል አስፈለገ። በሊስተሪን ላይ ይህን ሁሉ የጻፍሁ ሰው ይህችን ፖስተር በገንዘቤ ገዝቼ፣ ለአሜሪካዊ እንግዳ ሁሉ እየጠቆምሁ፣ «በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው» ስል ኖሬአለሁ።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ፖስተሩን ጥቂት አየችው። «ሐምሌንና ነሐሴን የት አድርሰዋቸው ነው?» አለች። «ቆርቆሮው አፍስሶ አልጋሽ ሥር ባልዲ ስንደቅን ያደርነውን ረሳሽው?»